የሲኞሩ የዜማ ሣጥኖች

ናፍታሊንና የቆየ ዱቄት አንድ ላይ ምን እንደሚሸቱ የሚያውቅ ሰው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሁለት ቢቀር ነው። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ባለፈው ሳምንት ሐያት የምትባል ልጅ ከመሥሪያ ቤቷ ግምጃ ቤት ያስወጣችውን የመጀመሪያውን ሣጥን ክዳን ስታነሳ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና በቆምኩበት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሆንኩ። ጉልበቴ ብቻ ወሬውን አልሰማም፤ ወንበር አምጡልኝ አልኩ።

ሐያት የዚሁ የሐይቅ ልጅ ናት። እናቷ ጅዳ ስንት ዓመት ሰው ቤት ደክማ አዲስ አበባ ሙዚቃ አስተማረቻት። ሰፈሩ «ያ ሁሉ ልፋት ለዘፈን ነው እንዴ?» ሲል እናቲቱ ጆሮ አልሰጠችውም። አሁን ልጅቷ ተመልሳ የሲኞሩን ወረቀት ቅጠል በቅጠል ፎቶ እያነሳች ትመዘግባለች፤ ኢጣሊያ አገር ሆነው ዝርዝሩን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ ትላለች። በየሣጥኑ ውስጥ ያገኘቻቸው ካርዶች ጥግ ላይ «ይ.አ.» የሚል አይታ ሽማግሌ ስታጠያይቅ እኔ ዘንድ አመጧት። ይመር አሊጋዝ፣ ጡረተኛ ታይፒስት።

«ጋሼ ይመር፣ ይኼን ሁሉ ካርድ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። የፊደል ግድፈት አገኘሽበት?»

«ኧረ ወላሂ አንድም የለ። ግን እዚህ ላይ ‹ቅኝት፦ ባቲ› ይላል። ወረቀቱ የኢጣሊያ ኦፔራ ነው እኮ።»

«እሱን ቅኝቱን የለዩልን መሪጌታ ጽጌ ናቸው ያሉት» አልኩ። ሰው ሲጨንቀው ሟች ላይ ያሳብባል።

ሲኞሩ የምንለው ሰው ኢጣሊያኖች በነበሩበት ዘመን ደሴ ውስጥ ለአንድ የሙዚቃ ጓድ የኖታ ወረቀት ጠባቂ ነበር። የአገሩ ሰዎች ተሸንፈው ሲወጡ እሱ ከነወረቀቱ ቀረ። ሰባት የጣውላ ሣጥን አስጭኖ ሐይቅ መጣና፣ ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ዳቦ ቤት ከፈተ። አምባሰል ተወልደው ያደጉትን እትዬ ፋንታዬን አገባ። ሣጥኖቹን ዱቄት ከሚቀመጥበት ክፍል ደረደራቸው፤ ብል እንዳይበላቸው ናፍታሊን በጨርቅ እየቋጠረ ይከትባቸው ነበር። ሊጡ ኩፍ እስኪል ከሣጥኑ አንድ ወረቀት ያወጣና እሱን እያየ ማንዶሊን ይጫወታል። እኔ ሰውዬውን የማስታውሰው በጭላንጭል ነው፤ ዱቄት የነካው ቅንድቡንና ትኩስ ዳቦ ስታቀብለኝ የነበረች እጁን። እሱ የሞተው ልጁ አልማዝ አምስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ዳቦ ቤቱን እትዬ ፋንታዬ ያዙት፤ ልጅቷም ስታድግ ገባችበት።

እኔ ለቢሮ ሥራ ስበቃ አንዱ ዳቦ አሥር ሳንቲም ገብቶ ነበር። ዛሬ የዳቦውን ዋጋ ለመጻፍ እንኳ እጄ አይታዘዝም፤ መጠኑማ ያው ከጡጫዬ ያነሰ ነው። ያን ጊዜ በአሥር ሳንቲም የሚገዛው ዳቦ ለሁለት ተቆርሶ፣ ከሐይቁ በወጣ ጥብስ ቆሮሶ ዓሣ ሁለት ሰው ያጠግባል። እኔ ብቻዬን የምኖር ሰው ጠዋትም ማታም ዳቦ እገዛ ነበር። የገዛሁትን የት እንዳደረስኩት አትጠይቁኝ፤ ጎረቤቶቼ ወፍራም ልጆች ነበሯቸው። ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ ደሴ ድረስ ሄጄ አሰፍቼ፣ ሾጣጣ ጫማ ተጫምቼ፣ ጸጉሬን ወደ ላይ አበጥሬ፣ ከመናኸሪያው በላይ ካለው ሻይ ቤት ራዲዮ የሚለቀውን ዘፈን አብሬ እያፏጨሁ ወደ መታጠፊያው እወርዳለሁ። አልማዝ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክርኗ ዱቄት ሆኖ፣ ከባንኮው ኋላ ቆማለች። ጸጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ልስላሴው እንዳይታይ ነው። ሰው «ክልስ» ሲላት አትወድም። ከሁሉ የሚያማት ግን ሌላ ነበር። አባቷ ሲሞት በስሟ የተጻፈ አንዲት ወረቀት አልተወም ይባል ስለነበር፣ ትምህርት ቤት የገባችው በእናቷ አባት ስም ነው። «አገሩ ሚስት አለችው፤ አንቺን ልጄ አላለም» እየተባለች ነው ያደገችው።

እትዬ ፋንታዬ ይህን አይቀበሉም። ልጅቷ የተወለደች ሰሞን ሲኞሩ አንድ ዜማ በእጁ ጽፎላታል፤ የእኛን ፊደል ተንገዳግዶ ተምሮ ስሟንም አስፍሮበታል ይላሉ። «በእኔ አገር ነው ያወጣው፣ በአምባሰል» ይላሉ፤ ያንጎራጉሩታልም። ወረቀቱ ግን ከሰባቱ ሣጥን ውስጥ የገባበት ጠፋ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ አልማዝ አማርኛ እንጂ ኖታ አታውቅም። የቅጠሉ ብዛት ደግሞ ሰው ተስፋ ያስቆርጣል፤ ግማሹ ወረቀት በዱቄት ተጣብቋል።

በዚያው ሰሞን ደሴ ያሉ ክልሶች አንድ በአንድ ወደ ኢጣሊያ መሄድ ጀመሩ። አባቱ ልጄ ብሎ የጻፈለት ሰው ቆንስላ ቀርቦ ወረቀቱን ካሳየ ይለፍ ያገኛል ተባለ። የአልማዝ የልብ ጓደኛ እንኳ ቅዳሜ ዳቦ ገዝታ ሰኞ ሄደች። አንድ ቀን አልማዝ ዳቦዬን እየጠቀለለች «ይመር፣ ያን የአባቴን ወረቀት አብረኸኝ ትፈልግልኛለህ?» አለችኝ። በጄ አልኩ። ምን ልል ኖሯል? ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መዋል ነው። ቤቴ ስደርስ ግን ነገሩ ገባኝ። ወረቀቱ ከተገኘ ትሄዳለች።

መሪጌታ ጽጌን ያመጧቸው እትዬ ፋንታዬ ናቸው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ የአብነት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ በእግራቸው ይመጡልናል። እሳቸው የዜማ ምልክት ያለበት ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ የሲኞሩን ወረቀት ያነቡታል ብለን ነበር። የመጀመሪያውን ቅጠል ወደ ብርሃን አንስተው ብዙ አዩት።

«ምልክቱ ብዙ ነው፤ ቃሉ ግን የት አለ? ቃል የሌለው ዜማ በምን ይያዛል?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

«አንቺ ሰውዬው ሲጫወት ሰምተሻል። ወረቀቱን እያየሽ አዚሚልኝ፤ እኔ ቅኝቱን እለያለሁ። እንዲህ ተዝረክርኮስ አንድም ነገር አይገኝ። መጀመሪያ በየወገኑ ይግባ።»

«በግዕዝና በዕዝል ነው የሚለዩት?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ልጄ፣ የያሬድን ዜማ ለዳቦ ጋጋሪ ወረቀት አላካፍልም። የዓለሙ ቅኝት አራት ነው፤ በአራቱ ይግባ።»

«እርስዎ የዓለሙን ከየት ያውቁታል መሪጌታ?» አለች አልማዝ፣ ሳቋን እያፈነች።

«ወሎ መወለድ አይበቃም? በይ ያዢ፣ ለመነኮሳቱ እንዳትነግሪ።»

በዚህ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። እንደዚያ ያለ መዝገብ ቤት በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም። አልማዝ ወረቀቱን ታወጣለች። እትዬ ፋንታዬ ኖታውን አያዩትም፤ የሽፋኑን ሥዕል፣ የዘይቱን ጠብታ፣ የተቀደደውን ጥግ በጣታቸው እየነኩ «ኧኸ፣ ይች ናት» ይላሉና ሲኞሩ ሲጫወት የሰሙትን ያንጎራጉራሉ። በአምባሰል ሴት ጉሮሮ ነው የሚያንጎራጉሩት። የባሕር ማዶው ዜማ እሳቸው ዘንድ ሃያ ዓመት ተቀምጦ የእሳቸው ሆኗል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ ያደርጉና «ባቲ» ብለው ይፈርዳሉ። እኔ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት በፈቃድ ያመጣኋትን የጽሕፈት መኪና በዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጬ እመታለሁ። ከካርዶቹ ሐያት ስታነብልኝ ብዙዎቹን በቃሌ አወጣኋቸው።

«ቁጥር 41። ቅኝት፦ አምባሰል። ሽፋኑ ላይ መርከብ አለ። ሊጥ ሲዘገይበት የሚጫወተው።»

«ቁጥር 112። ቅኝት፦ ትዝታ። ሽፋን የለውም፤ ዘይት ነክቶታል። ከአገሩ ደብዳቤ የመጣለት ቀን።»

«ቁጥር 113። ቅኝት፦ አንቺ ሆዬ። እትዬ ፋንታዬ ይሄን በሰው ፊት አላዜምም ብለዋል።»

በሕይወቴ እንደነዚያ ቅዳሜዎች የተደሰትኩበት ጊዜ የለም። ልጄ ከሪያድ ስትደውል «አባዬ፣ ወጣት ሳለህ ምን ትሠራ ነበር?» ካለችኝ የምነግራት ስለ ቢሮዬ ሳይሆን ስለ ዱቄት ክፍሉ ነው። ለአራቱ ቅኝት ካዘጋጀናቸው አራት ባዶ ሣጥኖች ሌላ፣ እትዬ ፋንታዬ ያላስታወሱትን የምናስገባበት አምስተኛ ሣጥን ነበረን፤ «ያልታወቀ» የሚል በእጄ ጽፌበታለሁ። የአምባሰሉ ሣጥን በሞላ ቁጥር አልማዝ ከላይ እስከ ታች ታገላብጠዋለች። እናቷ አምባሰል ነው ብለዋላ። ስታጣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወደ ምድጃው ትመለሳለች። እኔም ስታጣ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው።

የግሸን ማርያም ዕለት ነው። እትዬ ፋንታዬም መሪጌታም ለንግሥ ወጥተዋል፤ ከተማው ሁሉ አውቶቡስ ላይ ነው። አልማዝ ለተጓዡ የሚሆን ዳቦ ስለበዛባት ከምድጃው አልተነሳችም። እኔ ብቻዬን ከሲኞሩ ሰባት ሣጥኖች ስድስተኛውን ከፍቼ የተጣበቁ ቅጠሎች በቢላ ጀርባ እያላቀቅሁ ነበር። ከሁለት የታተሙ ወረቀቶች መካከል በእጅ የተጻፈ ቅጠል ወጣ። ከላይ ሊወድቁ የደረሱ ፊደሎች ተጽፈዋል። «ለልጄ ለአልማዝ። አባትሽ።» ሥሩ የኢጣሊያንኛ ፊርማ አለ።

ከወዲያ ማዶ የምድጃው በር ሲዘጋ ይሰማኛል። «ነዪማ፣ ተገኘ» ማለት ነው የሚጠበቅብኝ፤ ሁለት ቃል። አፌን ከፍቼ ነበር። ቆንስላው ደጃፍ ላይ ቆማ ታየችኝ፣ ሻሿን ፈትታ። ቅጠሉን አጠፍኩና በአንድ ባዶ ሽፋን ውስጥ ከትቼ ያልታወቀው ሣጥን ሥር ሰደድኩት። ካርድም ጻፍኩለት፤ ታይፒስት ነኝና ካርድ የሌለው ነገር አላስቀምጥም። «ቅኝት፦ ያልታወቀ። ምልክት፦ የለውም።» ስሟ የተጻፈበትን ብቸኛ ወረቀት ነው ምልክት የለውም ያልኩት። አልማዝ ትንሽ ቆይታ ትኩስ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። «ምን ሁነህ ነው ያላበህ?» አለችኝ። ሙቀቱ ነው አልኳት።

ሰባቱም ሣጥን አለቀ፤ ወረቀቱ አልተገኘም። መሪጌታ አዝነው ሁለት ሳምንት አልመጡም። እትዬ ፋንታዬ በዓመቱ ታመሙና፣ አልጋ ላይ ሆነውም «አምባሰሉ ውስጥ ነው፣ አምባሰሉን ደግማችሁ እዩ» እያሉን አረፉ። በሁለተኛው ዓመት እኔና አልማዝ ተጋባን። የጋብቻውን ወረቀት የጻፍኩት ራሴ ነኝ። «የሙሽሪት አባት ስም» ከሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። አልማዝ የአያቷን ስም ነገረችኝና ጣቶቼን ታያለች። ጻፍኩት።

ከዚያ ወዲያ ስንቱ ሆነ። ዘመን ተለወጠና ዳቦ ቤቱ የሕዝብ ተባለ፣ ቀጥሎ መጋዘን ሆነ፣ አሁን ሞባይል ይጠገንበታል። ሣጥኖቹ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ዞሩ፤ ያ የጦርነትና የሽሽት ጊዜ መጥቶ ስንትና ስንት ዕቃ ሲዘረፍ እንኳ የሚያነባቸው ስላልነበረ የነካቸው አልነበረም። እኛ አራት ልጅ ወልደን አሳደግን። ደህና ኖረናል፤ ተሳስቀን፣ ተኳርፈን፣ በእግራችን ሐይቁ ዳር ወርደን አመሻሹን አይተን። በየዓመቱ ለግሸን እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየዓመቱ ከአምናው ይከብደኛል። የማትሄድበት ጊዜ ከደረሰ በኋላ ምን አስፈራኝ? እንጃ። የሚሄደው ሌላ ነገር ይሆናላ።

እና አሁን ሐያት። ኖታውን በስልኳ ላይ ባለች ፒያኖ እየነካች ካርድ ቁጥር 41ን፣ ባለ መርከቡን፣ አሰማችኝ። ጨርሶ አላወቅሁትም። የሚሮጥ፣ የሚንጫጫ፣ ወታደር የሚያሰልፍ ዜማ ነው። «አምባሰል ነው ያላችሁት ይኼን ነው» አለች እየሳቀች። አንድ በአንድ ስታሰማኝ ከአራቱ ቅኝት ባንዱም የሚገባ ጠፋ። የመሪጌታ ፍርድ ሁሉ ገደል ገባ። አፈርኩ፤ ካርዶቹን ጣያቸው አልኳት።

«ምን ሲባል ጋሼ? ኖታውስ ኢጣሊያም ይኖራል። ሊጥ ሲዘገይበት የሚጫወተው የሚለው የት ይገኛል?» ብላ ካርዶቹን በፕላስቲክ መክተት ጀመረች።

ከዚያ «ያልታወቀ» የሚለውን አምስተኛውን ሣጥን ሳበች። ልውጣ ብዬ የወንበሩን እጀታ ያዝኩ። ከታች ያለውን ሽፋን ገልጣ ያጠፍኩትን ቅጠል ዘረጋችው። በስልኳ ቀስ ብላ ነካካችው። እትዬ ፋንታዬ ዱቄት ክፍሉ ውስጥ ተነስተው የቆሙ መሰለኝ። የሚያንጎራጉሩት ያው ራሱ ነው።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይኼ አምባሰል ነው። ከሰባቱ ሣጥን አምባሰል የሆነው ይኼ ብቻ ነው። ያልታወቀ ያላችሁትም ይኼን ነው እንዴ?» ከላይ ያለውን ጽሕፈት ጠጋ ብላ አየችው። «አልማዝ የሚላት ማናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

ፊቴን አየችና ሌላ አልጠየቀችኝም። ወረቀቱን ፎቶ አነሳችና በንጹሕ አቃፊ አድርጋ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። «ዋናው የእሳቸው ነው። አብሽር ጋሼ፣ ይውሰዱላቸው» አለች።

ቤት ስደርስ አልማዝ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ግላኮማ ዓይኗን ከያዛት ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው። እግሬን ሰምታ ፈገግ አለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያ የአባትሽ ወረቀት ተገኘ» አልኳት።

«የት ኖሯል?» አለች።

ሣጥን ለሣጥን ተቀላቅሎ ነው ማለት ይቻል ነበር። ማን ያውቃል? «እኔ ነኝ የደበቅኩት። የግሸን ዕለት ነው ያገኘሁት። ቆንስላ ወስደሽ አሳይተሽ ትሄጃለሽ ብዬ።»

«እሄዳለሁ ብዬህ ነበር?»

«አላልሽም።»

«ላየው ነበር» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እኔ ላየው ብቻ ነበር።»

እጇን ዘረጋች። አቃፊውን ሰጠኋት፤ ወረቀቱን አውጥታ በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። ቀለሙ በጣት አይታወቅም። «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለች። ጣቷን ይዤ ፊደሎቹ ላይ አኖርኩላት። ላነብላት ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አንተ አታንብብልኝ» አለች። «ያችን ልጅ ጥራልኝ።»

ተነስቼ ሐያትን ልጠራ ሄድኩ።